ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ያሉበት መጠይቅ፤ ከቦንጋ ወደ ደካና ቢታ ገነት

ሐሙስ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት፤ ቦንጋ

የግማሽ ዓመቱን ፈተና አርሜ፣ ውጤቱን አስረክቤ፣ የአንድ ሳምንት ዕረፍት በእጄ ይዤ ከቦንጋ የተነሣሁት በጥር 2006 ዓ.ም. ነው። በከተማዋ የስፖርት ትምህርት ሳስተምር ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ክረምት ክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ ርዕስ ረጅም ነው፤ ሲያጥር ግን የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ሯጮች በልምምድ ቦታቸው የሥነ ልቦና ፍላጎታቸው ምን ያህል ይሟላል?

ነገሩን ላስረዳ። ሯጭ ምግብና ውኃ እንደሚያስፈልገው ሁሉ አእምሮውም ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ የመስኩ ሰዎች። የመጀመሪያው በራስ ፈቃድ መሥራት ነው፤ ልጁ የሚሮጠው ስለፈለገ ነው ወይስ ስለተገደደ? ሁለተኛው «እችላለሁ» የሚለው ስሜት ነው። ሦስተኛው መቀራረብ ነው፤ አብረውት የሚሮጡት ወገኖቹ ናቸው ወይስ ባዕድ? እነዚህ ሦስቱ ከጎደሉ ጥሩ ሳንባ ያለው ልጅ እንኳ አንድ ቀን ጫማውን ሰቅሎ ይቀራል።

ይህን በሜትርና በሰዓት መለካት አይቻልም። የሚለካው በመጠይቅ ነው። ሃያ ዓረፍተ ነገሮች ወደ አማርኛ መልሻለሁ፤ ከእያንዳንዱ ፊት አምስት ሳጥን አለ። አንድ «በጭራሽ አልስማማም» ነው፤ አምስት «በጣም እስማማለሁ» ነው። ሳያነብ ምልክት የሚያደርገውን ለመያዝም ወጥመድ አስገብቻለሁ። ጥያቄ 4 «በልምምዴ ጉዳይ ሐሳቤን እጠየቃለሁ» ይላል፤ ጥያቄ 13 ደግሞ «አሰልጣኜ ሳይጠይቀኝ ይወስንብኛል»። ሁለቱም ላይ አምስት ያለ ሰው ወይ አላነበበም ወይ ዋሽቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኋላው ያስፈልጋል። የምለካው ሁለት ጊዜ ነው፤ አሁንና ሚያዝያ ላይ። የጥር ወርን መልስ ከሚያዝያው ጋር ለማገናኘት በየወረቀቱ ቀኝ ራስጌ ቁጥር ጽፌያለሁ፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር ጥቁር ሽፋን ባለው ደብተሬ ውስጥ ነው። በሥርዓቴ በጣም ተደስቼ ነበር።

ሯጮቹ አንድ የቡና ነጋዴ ያቋቋመው የአትሌቲክስ ክለብ ልጆች ናቸው። ክለቡ ሁለት ካምፕ አለው፤ አንዱ ደካ፣ አንዱ ቢታ ገነት። የፈቃድ ደብዳቤውን ፈርመው ማኅተም ያደረጉልኝ ሥራ አስኪያጁ አቶ ተረፈ ናቸው። ከመሄዴ ከሦስት ቀን በፊት ደብዳቤውን ከአንድ ናሙና መጠይቅ ጋር ለሁለቱም ካምፖች ላክሁ። አቶ ተረፈ እጄን ጨብጠው «ሂድ፣ ለካ። እኛም እንጠቀምበታለን» አሉኝ። መምህር ነኝና ጥናቴ ይጠቅማል ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሚጠቅም አልጠየቅሁም።

ከጧቱ 1 ሰዓት፤ የደካ መንገድ

ከቤቴ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ሦስት ብር ከፈልኩ። የደካው ሚኒባስ ሃምሳ አምስት ብር ጠየቀኝ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሃምሳ ሲከፍሉ አየሁ። «ለምን?» ስለው ረዳቱ «እሳቸው በየሳምንቱ ይሄዳሉ፤ አንተ መቼ ልትመለስ?» አለኝ። ሻንጣ ያለው እንግዳ መሆኔ ሳይሆን አይቀርም ዋጋዬን የጨመረው።

ከውሽውሽ የሻይ ማሳ በኋላ ጠጠሩ መንገድ ጀመረ። በጋ ነው ቢባልም እዚህ አገር ደመናው ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ሁለት ቦታ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ወርደን ገፋን። ጫካው መንገዱን ከላይ ይሸፍነዋል። ከትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ እንደ ግንድ የረዘሙ የንብ ቀፎዎች ተጋድመዋል፤ ከፍ እያልን ስንሄድ እንሰቱ እየበዛ፣ ከዚያ ቀርከሃው መጣ። እኔ የምናልፍበትን ሰዓትና ቦታ እየጻፍኩ ነበር። ባዶ ጀሪካን በጉልበታቸው መካከል የያዙት ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ሲያዩኝ ቆይተው ጠየቁኝ።

«ምንድን ነው የምትመዘግበው ልጄ?»

«የመንገድ ማስታወሻ ነው አባባ።»

«ከመሬት አስተዳደር ነህ?»

«አይደለሁም፤ መምህር ነኝ።»

«መምህር አይጽፍም» አሉ ሽማግሌው፣ «መምህር ያጽፋል።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ሰው በአማርኛ አላወራም፤ ጨዋታው ሁሉ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ሆነ። እኔ ካፊኖኖ አልችልም። ስሜን እንኳ እንደማያውቁ ባውቅም «ስለ እኔ ነው የሚያወሩት» እያልኩ ደካ ደረስኩ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፤ ደካ

አልጋ በአርባ ብር ያዝኩ። ቆጮ ከጎመን ጋር በአሥራ ስምንት ብር በላሁና ወደ ሜዳው ወጣሁ። ሜዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ የሣር ሜዳ ነው። አሰልጣኙ ጋሽ ቆጭቶ ቀጭን፣ አምሳውን የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ የሩጫ ሰዓታቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሁለተኛው ጊዜ ማኅተሙን ብቻ ይመስለኛል።

አሥራ አምስት ሯጮች ነበሩ፤ ስድስቱ ሴቶች። ተራርቀው እንዲቀመጡ ነገርኳቸው። ተራራቁ፤ ግን አምስት አምስት ሆነው ነው የተራራቁት። አሰልጣኝ አጠገባቸው ካለ በነጻነት አይመልሱም ብዬ ስለማምን ጋሽ ቆጭቶን ዞር እንዲሉልኝ ጠየቅኋቸው።

«ከገዛ ልጆቼ?»

«የጥናቱ ደንብ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሄደው ከጎሉ ቋሚ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። እኔም ለልጆቹ ዓላማውን አብራራሁ፤ መልሳቸውን ከእኔ በቀር ማንም እንደማያይ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ማብራሪያዬ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እነሱ ግን በአሥራ ሁለት ደቂቃ ጨርሰው አስረከቡኝ። ጎበዞች ናቸው አልኩ በልቤ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አልጋ ቤቱ በረንዳ ላይ ወረቀቶቹን ዘረጋሁ። የመጀመሪያው ሃያውም ጥያቄ ላይ «በጣም እስማማለሁ» ይላል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። አሥራ አምስቱም። ጥያቄ 4 አምስት፣ ጥያቄ 13 አምስት። ወጥመዴ ሁሉንም ያዘ።

ከዚያ የባሰ አየሁ። አምስት ወረቀቶች ላይ ጥያቄ 11 መጀመሪያ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበት፣ በሁለት መስመር ተሰርዞ፣ ወደ አምስተኛው ተዛውሯል። አምስቱም ላይ ያው ጥያቄ፣ ያው ሳጥን፣ ያው ሁለት መስመር። አንዱ ተሳስቶ ሲሰርዝ አራቱ ስረዛውንም ገልብጠውታል ማለት ነው።

ማን አስጠናቸው? ጥርጣሬዬ መንገድ ለማግኘት አልተቸገረም። ናሙናው ከሦስት ቀን በፊት ጋሽ ቆጭቶ እጅ ገብቷል። ዞር ይበሉ ስላቸው ተቆጥተዋል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበዋል። ሰውዬው ራሳቸውን ለማስመስገን ልጆቹን አስጠንተዋል፤ አለቀ።

ዓርብ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል፤ ደካ ሜዳ

በማግስቱ ልምምዱን ለማየት ነው ብዬ ሄድኩ፤ የሄድኩት ግን እሳቸውን ለመጠበቅ ነው። ጉም ሜዳውን ለሁለት ከፍሎታል፤ ሯጮቹ ይገባሉ፣ ይጠፋሉ፣ በሌላ በኩል ይወጣሉ። ጋሽ ቆጭቶ በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ። «ምን ይጽፋሉ?» አልኩ በልቤ። አንዷን ልጅ ጠርተው በካፊኖኖ አንድ ነገር ነገሯትና ወደ እኔ ዘወር ብለው አዩ። ያንንም በደብተሬ ጻፍኩ፣ ከነሰዓቱ።

ልጆቹ ውኃ ሊጠጡ ሲያርፉ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ጋሽ ቆጭቶ፣ መጠይቁን ከልጆቹ ጋር አስቀድመው ሠርተውታል?»

«ምን አልክ?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ይኸው፣ ይመልከቱ።» ከቦርሳዬ አምስት ወረቀቶች አውጥቼ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ቀስ ብለው፣ ጣታቸውን ከጥያቄ ወደ ጥያቄ እያወረዱ አነበቡ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«‹አሰልጣኜ ሳይጠይቀኝ ይወስንብኛል።› በጣም እስማማለሁ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ይሄን እኔ ነኝ ያስሞላሁት?»

አንገቴን አስግጌ ጥያቄውን አነበብኩት።

«ንገረኛ መምህር። ሰው በራሱ ላይ ያስመሰክራል?»

እውነታቸውን ነበር። ወጥመዱን የሠራሁት እኔ፣ ትርጉሙን ያብራራሁት እኔ፤ እሳቸውን ስጠረጥር ግን ጥያቄ 13ን ረስቼዋለሁ። ከኋላዬ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ማንም አያይም ብለው አልነበረም ቲቸር?»

አዳነች ትባላለች። የሴቶቹ ቡድን መሪ ናት፤ ረጅም፣ ፊቷ ላይ ገና ላብ ያልደረቀባት። ጋሽ ቆጭቶ እጅ ላይ ያለውን ወረቀት በአገጯ አመለከተች። «ሰባት ቁጥር እኔ ነኝ። ትናንት ደብተርዎን ሲከፍቱ አየሁት። ሰባት፣ አዳነች።»

የሆነብኝን በትክክል መጻፍ አለብኝ። «ከእኔ በቀር ማንም አያይም» ያልኩት ትናንት ከሰዓት ነው። አንድ ቀን ሳይሞላ ወረቀቷን፣ ከነቁጥሩ፣ ከሁሉ ሰው ይልቅ ሊያየው ለማይገባው ሰው ሰጥቻለሁ። ጋሽ ቆጭቶም ገባቸው፤ ወረቀቶቹን ልክ እንደ ትኩስ ነገር በፍጥነት መለሱልኝ።

«ይቅርታ» አልኩ።

«ይቅርታው ይቆይ» አለች አዳነች። «ይሄ ወረቀት አቶ ተረፈ ጋ ነው የሚሄደው?»

«አይደለም! የትምህርት ነው።»

«እሳቸው እንደዚያ አላሉም።»

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ቆጭቶ የነገሩኝ። ሰኞ ዕለት አቶ ተረፈ ደውለውላቸዋል። መምህሩ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ማን ምን ቅሬታ እንዳለው ያሳየናል፣ ክለቡ ከሁለቱ ካምፕ አሥራ ሁለት ልጆች ብቻ ይዞ ይቀጥላል ብለዋቸዋል። «እኔ ለልጆቹ ስልኩን ነገርኳቸው» አሉ። «ልደብቃቸው? የሚያልቀው የነሱ እንጀራ ነው። እውነቱን ሙሉ ነው ያልኳቸው።»

«ታዲያ ለምን አልሞሉም?» ስል ልጆቹ ሳቁ። የሚያስቅ ነገር እንደተናገርኩ የገባኝ አዳነች ካስረዳችኝ በኋላ ነው።

«ቲቸር፣ እዚህ ወረቀት ሲመጣ መጀመሪያ ስብሰባ ነው። ከቀበሌ ይምጣ፣ ከወጣት ማኅበር ይምጣ፣ አንድ ለአምስት ሆነን እንቀመጣለን። መሪው ያነባል፣ እንወያያለን፣ በተስማማነው እንሞላለን። ብቻውን የተለየ የሞላ ‹ችግር አለበት› ይባላል። አምስት ሙሉ ተባባልን፣ ሞላን።»

«አሥራ አንደኛው ላይ ያለው ስረዛስ ምንድን ነው?»

ከኋላ አንድ ወንድ ልጅ እጁን አወጣ፣ ክፍል ውስጥ ያለን ይመስል። «እኔ ነኝ ቲቸር። ጥያቄው ‹ጎበዝ ሯጭ እንደሆንኩ ይሰማኛል› ነው፤ እኔ ትንሽ አፈርኩና ሁለት አልኩ። ከዚያ ‹አምስት ነው የተባለው› ሲሉኝ ሰረዝኩ።»

«እናንተስ ለምን ሰረዛችሁ?»

«የአምስታችን መሪ ነዋ!» አለ ከጎኑ ያለው። «እሱ ሰርዞ እኛ ካልሰረዝን ይለያያላ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ጋሽ ቆጭቶም ጭምር። አዳነች ግን አልሳቀችም። «እርስዎ ይስቃሉ» አለችኝ፣ ገና ፈገግ ማለት መጀመሬን አይታ። «ከአሥራ ሁለቱ ውጭ የሆነ ግን ዕቃውን ይዞ ወደ ቤት ነው። እኔ እቤት ብመለስ ከሁለት ወር በኋላ ይድሩኛል። ስለዚህ ደስተኛ ነኝ፤ አምስት።»

ከቀኑ 8 ሰዓት፤ የካምፑ ግቢ

እንደገና እንዲሞሉልኝ ለመንኳቸው። «በእኛ ደንብ ከሆነ» አሉ። ገብተው በካፊኖኖ ሩብ ሰዓት ያህል ተወያዩ፤ በዚህ ጊዜ ስለ እኔ እንደሚያወሩ እርግጠኛ ነበርኩ። ሲወጡ አዳነች ደንቡን ነገረችኝ።

የስም ዝርዝሩ ይቀደዳል፤ የትናንቱ ወረቀትም። እኔ ያንን ካደረግሁ የጥር ወርን መልስ ከሚያዝያው ጋር ማገናኘት እንደማልችል፣ አማካሪዬም እንደማይቀበለኝ አብራራሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከጨረስኩ በኋላ አዳነች «እንግዲህ የእርስዎ ዲግሪ ነው ወይ የእኛ ካምፕ» አለች። ቀደድኩት። የስረዛው ልጅ ቁርጥራጩን ከእጄ ተቀብሎ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨምሮት መጣ።

«በሞባይል ፎቶ አንስተውት ቢሆንስ?» አለች አንዲት ትንሽ ልጅ።

ስልኬን ሰጠኋቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ካሜራ እንደሌለው አረጋግጠው፣ «ደመወዝተኛ ሆኖ በዚህ ስልክ?» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ ዕድሜ የሚለውን መስመር አዩት። «እኔ ብቻ ነኝ ሃያ ዓመት የሞላኝ» አለች አዳነች። «ሴት፣ ሃያ ዓመት ብዬ ከጻፍኩ ስሜን ጻፍኩ ማለት ነው።» ይህን በማንኛውም የጥናት ዘዴ ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም ነበር፤ ልክ ነች። የዕድሜውን መስመር ከያዝኳቸው አሥራ አምስት ትርፍ ወረቀቶች ሁሉ በማስመሪያ ይዤ ቆረጥኩ። ራስጌው ላይም ምንም ቁጥር አልጻፍኩም።

የብዕሩም ቀለም አንድ ይሁን ተባለ፤ ከሱቅ አሥራ አምስት ሰማያዊ እስክሪብቶ ገዛሁ። ሲሞሉ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ሃያ ስምንት ደቂቃ ፈጀባቸው። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱ አቁሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነበር። የጨረሰ ሁሉ ወረቀቱን አጥፎ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከተተ፤ በመጨረሻ አዳነች ጆንያውን እንደ በቆሎ አራግፋ አራግፋ ደባለቀችና ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል፤ ከደካ ወደ ቢታ ገነት

ወደ ቢታ ገነት በአይሱዙ ነው የሄድኩት፤ በቆርቆሮና በጨው ጆንያ መካከል፣ ሰባ ብር። መኪናው ሳይነሣ ጋሽ ቆጭቶ ሊሸኙኝ መጡ። የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ትንሽ ቆመው መሬቱን በጫማቸው ጫፍ ጫሩ።

«መምህር፣ ልጆቹ ስለ እኔ ምን አሉ?»

አንብቤዋለሁ፤ ጧት ነው ያነበብኩት። አሁን አሥራ አምስቱ ወረቀቶች አሥራ አምስት ሰው ይመስላሉ። መቀራረብ ላይ ከፍ ያለ ነው፤ ልጆቹ እርስ በርስም፣ ከእሳቸውም ጋር ይዋደዳሉ። ሐሳብን መጠየቅ ላይ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ በጣም። ጥያቄ 13 ላይ አንዱ ብዕሩን ተጭኖ ወረቀቱን ቀዶታል።

«ልነግርዎት አልችልም ጋሽ ቆጭቶ።»

«እኔ አቶ ተረፈ አይደለሁም።»

«አይደሉም። ግን ቃል ገብቻለሁ፤ አንዴ አፍርሼዋለሁ።»

«አባት ስለ ልጁ አይጠይቅም?»

«ይጠይቃል። ልጁን ነው የሚጠይቀው።»

ፊታቸው ተለወጠ። ለእሳቸው ዕድሜ በማይመጥን ድፍረት እንደተናገርኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። «ሥራህን ጨርስ» ብለውኝ ሳይሰናበቱ ሄዱ። አይሱዙው ሲነሣ ወደ ኋላ አየሁ፤ አልዞሩም።

ከሰዓት በኋላ፤ ቢታ ገነት

ትምህርት የቀሰምኩ ሰው ነኝ ብዬ ቢታ ገነት ገባሁ። የገበያ ቀን አልነበረም፤ ዋናው መንገድ ላይ የተሰጣ ቡናና የሚያሸቱት ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ። ለዚያ ካምፕ አሥራ አንድ ልጆች ቁጥር የሌለው፣ ዕድሜ የማይጠይቅ ወረቀት አከፋፈልኩ። ዝርዝር የለኝም አልኩ። ጆንያ ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር።

እነሱ ደግሞ በተቃራኒው ጠረጠሩኝ።

«ቁጥር የለውም?» አለኝ መሪያቸው፣ ወረቀቱን አገላብጦ። «ማኅተምስ?»

«ለእናንተ ብዬ ነው የተውኩት።»

«ጠፍቶ ቢቀር የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሌላ ሰው ቀይሮ ቢያስገባስ? የደካ ልጆች እንዲህ ያለ ባዶ ወረቀት ተቀበሉ?»

«እነሱ ናቸው ቁጥሩን ያስቀደዱኝ።»

«እንግዲያው የሚደብቁት አላቸው» አለ ሌላው፣ እና ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ አሥራ አንድ ወረቀት ሰጥቼ አሥራ አንድ መቀበሌን በነጭ ወረቀት ጽፌ፣ በእኔ ስምና ፊርማ ለመሪያቸው ሰጠሁ። ከዚያ ሞሉ። የማይታመነው ሰው እኔ ከሆንኩ፣ ስሙን መጻፍ ያለበትም እኔ መሆኔ ተገቢ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት፤ ቦንጋ

እሑድ በጨና በኩል ዞሬ ቦንጋ ገባሁ። ሰኞ ጧት ጫማዬን ጠርጌ አቶ ተረፈ ቢሮ ቀረብኩ። ሻይ አዘዙልኝ። በጣም ደግ ነበሩ፤ ደግነታቸው አሁን ያስፈራኝ ጀመር።

«እሺ መምህር፣ አየሃቸው። ደካ እንዴት ነው?»

«ልጆቹ ጠንካሮች ናቸው።»

«እሱን አውቃለሁ። የሚያጉረመርመው ማነው? ‹ሳይጠየቅ የሚወሰንበት› ማነው?» ጥያቄ 13ን በቃላቸው ያውቁታል። ናሙናውን በሚገባ አንብበውታል።

«አላውቅም።»

«አታውቅም?»

«ስም አልተጻፈም። ቁጥርም የለውም።»

«ናሙናው ላይ የቁጥር ቦታ ነበረ።» ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። «አንተ መምህር ነህ። መምህር ያለ ስም ዝርዝር ከቤቱ አይወጣም።»

«ነበረ፤ ቀድጄዋለሁ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እያመዛዘኑ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር፤ ሞኝ ነው ወይስ ይዋሻል? እኔ በዚህ ሳምንት ስንት ሰው እንዲህ እንዳየሁ አስታወስኩ።

«ወረቀቶቹን ስጠኝ፤ በእጅ ጽሑፍ እለያቸዋለሁ።»

«ምልክት ብቻ ነው ያለው፤ በአንድ ዓይነት ብዕር። ቢሆንም አልሰጥዎትም አቶ ተረፈ። ይቅርታ።»

ሻዩን ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ የእኔን ሻይ። «ሚያዝያ ላይ ሁለተኛ ዙር ነበረህ አይደል? ፈቃዱን ሰርዘነዋል። እኔ በዚህ ሳምንት አሥራ ሁለት ልጅ መምረጥ አለብኝ። በምን ልምረጥ? እ? በሩጫ ሰዓት ብቻ ልምረጥ?»

ሲናገሩ ተናደው ነው፤ እኔን ሊያሳፍሩኝ። እኔ ግን ከልቤ «አዎ» አልኩ። ተነሥቼ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ፤ ቤቴ

ለአማካሪዬ ደወልኩ። ያለ ዕድሜ፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ሁለተኛ ዙር የምጽፈው ጥናት ርዕሱ እንደሚቀየር፣ ምረቃዬም ወደሚቀጥለው ክረምት እንደሚገፋ ነገሩኝ። «እንዲህ ያለ ስህተት ከአንተ አልጠብቅም ነበር» አሉ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ያን ቀን ግን አላስረዳሁም።

ለዚህ ማስታወሻ አንባቢ ግን የተማርኩትን ልጻፍ። ሯጩ በራሱ ፈቃድ ይሠራል ወይ ብዬ የምጠይቅበትን ወረቀት ያመጣሁት ከአለቃው ማኅተም ጋር ነው። መጠይቁ ገና ሳይከፈት መልሱን ወስኖታል። ልጆቹ ሁሉን ነገር ሲጠራጠሩ እውቀት ያነሳቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጉዳዩን ከእኔ ይልቅ ያወቁት እነሱ ናቸው። የመምህር ጥርጣሬዬ ደግሞ የወደቀው አጠገቤ ባለው ደሃ አሰልጣኝ ላይ ነው፤ ማኅተም ያደረገልኝን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩም።

ዕቃዬን እያወጣሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ቆጭቶ ነበሩ። ሰላምታ የለም።

«ምን ነግረሃቸው ነው የሄድከው?»

«እኔ? ምንም!»

«ትናንት ጠየቅኋቸው። አንድ በአንድ፣ እየጠራሁ።» ከኋላቸው የፉጨትና የሩጫ ድምፅ ይሰማል። «አንዷ ከጥቅምት ጀምሮ ቅልጥሟን ያማታል። እኔ ዳገት አስሮጣታለሁ፤ እሷ ዝም ትላለች። እንዳላባርራት ፈርታ! አሁን ዳገቱን አስቀርቻለሁ። ለምርጫው ሩጫ ትደርሳለች።»

አቶ ተረፈ አሥራ ሁለቱን በሩጫ ሰዓት ሊመርጡ ወስነዋል ማለት ነው። ሳላስበው «ማናት?» አልኩ።

«ማናት?» አሉ ጋሽ ቆጭቶ፣ በጣም ቀስ ብለው። «እሱንማ አልነግርህም መምህር። ቃል ገብቻለሁ።»

ስልኩም ተዘጋ።